መንጋጋ፣ አንገትና የማኘክ ጡንቻ፦ ጥርሴን ልሞረድ ወይስ አቀማመጤን ላስተካክል?

ጥያቄ፦ «የ31 ዓመት ሴት ነኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው የምውለው። ከስድስት ወር ወዲህ ጠዋት ስነሳ ጉንጬ ዝሎ፣ ሌሊቱን ሳኝክ ያደርኩ ያህል ደክሞኝ ነው። ሥጋ ወይም ቆሎ ስበላ ግራ መንጋጋዬን ያመኛል፤ አፌን ስከፍት ጆሮዬ ሥር ቀጭ ይላል፤ አንገቴንም ይይዘኛል። ስለዚህ አሁን የማኝከው በቀኝ በኩል ብቻ ነው። አንድ ክሊኒክ ‹የታችኛው መንጋጋሽ ትንሽና ወደ ኋላ የገባ ነው፤ ትከሻሽ የተዛነፈውም በእሱ ምክንያት ነው፤ ጥርስሽ ተሞርዶ ንክሻሽ፣ ማለትም የላይና የታች ጥርሶችሽ አገጣጠም፣ ካልተስተካከለ ወገብሽም ይከተላል› አሉኝ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ቀጥ ብሎ መቀመጥና ምላስን ላንቃ ላይ መለጠፍ መንጋጋን ያስተካክላል ይላሉ። የቱ ነው ትክክል? ጥርሴን ልሞረድ?»

ምላሽ፦ ጥርስዎን አይሞረዱ። ለሕመሙ ብለው ሽቦም አያስሩ። ክሊኒኩ የነገረዎትም ሆነ ኢንተርኔት ላይ ያዩት የተወሰነ እውነት አለው፤ ሁለቱም ግን ያንን እውነት ከሚገባው በላይ ለጥጠውታል። የመንጋጋ አጥንት ቅርጽ የማኘክ ጡንቻዎች ምን ያህል ጉልበት ማውጣት እንደሚችሉ ይነካል። የጭንቅላትና የአንገት አያያዝም መንጋጋ የሚያርፍበትን ቦታ ይቀይራል። ከዚህ ተነስቶ ግን «መንጋጋሽ ትንሽ ስለሆነ ታመምሽ» ወይም «ቀጥ ካልሽ ይድናል» ማለት አይቻልም። የዘረዘሯቸው ምልክቶች የሚመስሉት ዕረፍት ያጣ የማኘክ ጡንቻ፣ ከእሱ ጋር የተወጠረ የአንገት ጡንቻና ምናልባትም ትንሽ ከቦታው የተንሸራተተ የመገጣጠሚያ ዲስክ ነው። በእጅ ዳስሶ የሚያረጋግጥ ሐኪም ያስፈልግዎታል፤ የምጽፈው ግን ከምርመራውም በፊት ሊያውቁት የሚገባውን ነው።

ጡንቻዎቹን በእጅዎ ይወቋቸው። ጣቶችዎን ጉንጭዎ ላይ፣ ከጆሮ ፊት ለፊት ወረድ አድርገው ያኑሩና ጥርስዎን ገጠም ያድርጉ። እጅዎ ሥር ቋጠር ብሎ የሚነሳው ማሴተር ይባላል፤ ከጉንጭ አጥንት ተነስቶ የታችኛው መንጋጋ ማዕዘን ላይ ይያዛል። ጣቶችዎን ከዓይን ጎን፣ ከጆሮ በላይ ወዳለው ቦታ ወስደው እንደገና ይግጠሙ፤ እዚያ የሚንቀሳቀሰው ቴምፖራሊስ ነው። እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ሰፊ ጡንቻ ነው፤ የኋለኛው ክፍሉ መንጋጋን ወደ ኋላ ይስባል። «ራሴን ያመኛል» ብለው ከሚመጡ ሰዎች በጥቂቶቹ ሕመሙ የሚነሳው ከዚህ ጡንቻ ነው። ሌሎቹ ሁለት ጥንዶች ቴሪጎይድ የሚባሉት ናቸው፤ በመንጋጋ ውስጠኛ በኩል ስለሚገኙ ከውጭ አይዳሰሱም። አንደኛው መንጋጋን ይዘጋል፤ ሌላኛው ወደ ፊትና ወደ ጎን ይስባል። አራቱንም ጥንዶች የሚያዘው አንድ ነርቭ ነው፣ ትራይጀሚናል የሚባለው አምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ።

አሠራሩ የወረንጦ ነው፤ መታጠፊያው በአንድ ጫፍ፣ ኃይሉ መሃል፣ የሚያዘው ነገር በሌላው ጫፍ። ምግቡ ወደ ጡንቻው በቀረበ ቁጥር የመንከስ ኃይሉ ይጨምራል። ቆሎ በመንጋጋ ጥርስ እንጂ በፊት ጥርስ የማይቆረጠመው ለዚህ ነው። የአጥንት ቅርጽ ጉዳይ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ፊታቸው ረዘም ያለ፣ የታችኛው መንጋጋቸው ጠርዝ ወደ ታች ያዘቀዘቀ ሰዎች ጡንቻቸው የሚስብበት ማዕዘን ብዙም ስለማያግዛቸው የመንከስ ኃይላቸው አነስ ይላል። ፊታቸው አጠር፣ መንጋጋቸው ሰፋና ማዕዘናማ ያሉት ደግሞ ማሴተራቸው ወፍራም፣ ንክሻቸውም ጠንካራ ነው። ግንኙነቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፦ በልጅነት ጡንቻም አጥንትን ይቀርጻል። በጡንቻ መመንመን በሽታ የተያዙ ሕፃናት ፊታቸው እየረዘመ፣ የላይና የታች የፊት ጥርሶቻቸው ሳይገጥሙ የሚያድጉት የሚስበው ኃይል ስለሚጎድል ነው።

እርስዎ ግን 31 ዓመትዎ ነው። የመንጋጋዎ ዕድገት ካበቃ ቆይቷል፤ ጡንቻዎ፣ ጥርስዎና መገጣጠሚያዎም ከዚያ አጥንት ጋር ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ሕመም ኖረዋል። ሕመሙ የጀመረው ከስድስት ወር ወዲህ ነው። በስድስት ወር ውስጥ የተቀየረው አጥንቱ አይደለም፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት በዚህ ጊዜ ውስጥ ጡንቻው ላይ ምን ጭነት እንደተጨመረ ነው። ወደ ኋላ የገባ ትንሽ መንጋጋ ይዘው ዕድሜ ልካቸውን ያለ አንዳች ችግር የሚያኝኩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ንክሻቸው ፍጹም የተስተካከለ ሆኖ በዚህ ሕመም የሚሠቃዩም እንዲሁ።

«ንክሻው ነው ጥፋተኛው» የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ጄምስ ኮስተን የተባለ አሜሪካዊ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1934 የጆሮ ሕመምን፣ የጆሮ ጩኸትንና ማዞርን ከመንጋጋ መገጣጠሚያና ከጠፉ ጥርሶች ጋር አያይዞ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በብዙ አገር ጥርስ ሲሞረድ፣ ዘውድ የሚባል የጥርስ ሽፋን ሲለበስና ንክሻ ሲቀየር ኖሯል። በኋላ ይህ ሕክምና በተነጻጻሪ ጥናት ሲፈተሽ ጥርስ መሞረድ ሕመሙን እንደሚያድን ወይም እንደሚከላከል የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። የተሞረደ ኢናሜል፣ ማለትም ጠንካራው የጥርስ ውጫዊ ሽፋን፣ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። የምቆጨው በዚህ ነው፦ በራሱ ሊሻለው ይችል የነበረ ሰው ዕድሜ ልኩን ጥርሱን የሚያመው ሆኖ ሲመጣ።

አሁን ወደ አንገት። የአንገትና የመንጋጋ ትብብር ቀላል አይደለም፤ በስዊድን የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አፍ ሲከፈት ጭንቅላት አብሮ ወደ ኋላ ዘንበል እንደሚል፣ ሲዘጋ ደግሞ እንደሚመለስ በመለኪያ አሳይተዋል። እርስዎም ማየት ይችላሉ። ትልቅ ጉርሻ ሲመጣልዎት ምን እንደሚያደርጉ ያስተውሉ፤ መንጋጋው ብቻውን አይወርድም፣ አገጭ ቀና ይላል፣ ማጅራት ይሸበሸባል። የጭንቅላትዎን ጀርባ ከግድግዳ አስደግፈው ሳያንቀሳቅሱ ያንኑ ጉርሻ ለመቀበል ቢሞክሩ አፍዎ ያን ያህል አይከፈትልዎትም። ሌላም ይሞክሩ። ቀጥ ብለው ተቀምጠው ጥርስዎን በቀስታ ቀጭ ቀጭ ያድርጉና የትኞቹ ጥርሶች ቀድመው እንደሚነካኩ ያስተውሉ። ከዚያ ጣሪያውን አይተው ይድገሙት፤ ንክኪው ወደ ኋላ ጥርሶች ይሸሻል። አገጭዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ይድገሙት፤ ወደ ፊት ይመጣል። ንክሻ አንድ ቋሚ ነገር አለመሆኑን ከዚህ ይረዱ። ክሊኒክ ወንበር ላይ በጀርባ ተኝቶ፣ አንገት ቀና ብሎ የተወሰደ የንክሻ ምልክት በመሞረጃ ለመወሰን የማይበቃበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ከዚህ በስተጀርባ ያለው ነገር ግልጽ ነው። ጭንቅላት ወደ 5 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት አለው። ስክሪን ለማየት አገጭ ወደ ፊት ሲሰገግ የማጅራት ጡንቻዎች ጭንቅላቱን እንዳይወድቅ ለመያዝ ይወጠራሉ። ከማንቁርት በላይ ሃዮይድ የምትባል የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላት ትንሽ አጥንት አለች፤ ከእሷ ወደ መንጋጋ፣ ከእሷም ወደ ደረት የሚሄዱ ጡንቻዎች በዚያ ጊዜ ይለጠጡና መንጋጋውን ወደ ታችና ወደ ኋላ ይስቡታል። የሚዘጉት ጡንቻዎች ደግሞ አፍ እንዳይከፈት መልሰው ይይዛሉ። በተጨማሪም ከላይኛዎቹ ሦስት የአንገት ነርቮች የሚመጣው የሕመም መልእክት በአንጎል ግንድ ውስጥ ከትራይጀሚናል ነርቭ መልእክት ጋር አንድ ቦታ ይገናኛል። ስለዚህ ከአንገት የተነሳ ሕመም መንጋጋ ላይ፣ ከመንጋጋ የተነሳውም አንገት ላይ ሊሰማ ይችላል። የእርስዎ አንገትና መንጋጋ አብረው መያዛቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

ገደቡን ግን ልንገርዎት። አንገታቸው ወደ ፊት የሰገገ ሰዎች ሁሉ መንጋጋቸውን አያማቸውም፤ የአቀማመጥና የመንጋጋ ሕመምን ግንኙነት የፈተሹ ጥናቶች ውጤት የተደበላለቀ ነው፤ የትኛው የትኛውን እንደሚያስከትልም አብዛኞቹ አያሳዩም። ከአንገት በታች ስንወርድ ደግሞ ማስረጃው ይበልጥ ይሳሳል። መንጋጋ ትከሻን ያዛንፋል፣ ንክሻ የወገብ አጥንት ያጣምማል፣ ጫማ ውስጥ የሚገባ የእግር መርገጫ ጥርስ ያስተካክላል የሚለው በጠንካራ ማስረጃ አልተደገፈም። ትከሻው ፍጹም እኩል የሆነ ሰው ጥቂት ነው፤ ቦርሳ በአንድ ወገን መያዝ ወይም ቀኝ እጅን አዘውትሮ መጠቀም ብቻውን ልዩነት ያመጣል። ትከሻዎ ጎልቶ የተዛነፈ ከሆነ የአከርካሪ ምርመራ ያድርጉ እንጂ በመንጋጋዎ አያሳብቡት። ምላስን ላንቃ ላይ መለጠፍም እንዲሁ ነው፦ መንጋጋን ለማሳረፍ ጥሩ ልማድ ነው፣ የአዋቂ ሰውን አጥንት ግን አይቀይርም። «መንጋጋ ለማውጣት» ብለው ጠንካራ ማስቲካ ወይም የጎማ መሣሪያ የሚያኝኩ ወጣቶች ደግሞ ጡንቻቸውን አወፍራለሁ ሲሉ መገጣጠሚያቸውን እያስጨነቁ ነው፤ እርስዎ ፈጽሞ እንዳይሞክሩት።

ታዲያ ጡንቻውን ያደከመው ምንድን ነው? ጤነኛ መንጋጋ ሲያርፍ ከንፈር ይገጠማል፣ ጥርስ ግን ከጥርስ አይነካካም፤ በመሃላቸው ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ክፍተት አለ። ጥርስ የሚነካካው ስንበላና ስንውጥ ለአጭር አጭር ጊዜ ነው። ቁጥር እያስታረቀ፣ ወር መጨረሻ ላይ ሒሳብ እየዘጋ ያለ ሰው ግን ሳያውቀው ጥርሱን ገጥሞ ሰዓታት ይቀመጣል። ኃይሉ ትንሽ ነው፤ የሚጎዳው ርዝመቱ ነው። አብዛኞቹ ታካሚዎች «ጥርስዎን ይገጥማሉ?» ሲባሉ «በፍጹም» ይላሉ፤ በየሰዓቱ ራሳቸውን እንዲያዩ ሲነገራቸው ግን በሳምንቱ ተገርመው ይመለሳሉ። ይህን ዛሬውኑ ይፈትሹ።

የሌሊት ጥርስ ማፋጨት ሌላው ነው። መነሻው ንክሻ ሳይሆን እንቅልፍ ነው፤ አንጎል ከጥልቅ እንቅልፍ ለአፍታ ቀለል ሲል የማኘክ ጡንቻዎች አብረው ይነሳሉ። ጭንቀት፣ ሲጋራ፣ አልኮልና አመሻሽ ላይ የሚጠጣ ቡና ያባብሱታል፤ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም እንዲሁ። ስለ ጫት አልጻፉም፤ የሚቅሙ ከሆነ ግን ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ ይዞ ማላመጥ ለዚህ ሕመም ቀጥተኛ ጭነት ነው፣ እንቅልፍም ያሳጣል። ማስቲካም በትንሹ ያው ነው።

ስለ ቀጭታው። መገጣጠሚያው ውስጥ በአጥንቶቹ መሃል ያለ ትንሽ ዲስክ ከቦታው ትንሽ ሸተት ብሎ ሲመለስ የሚሰጠው ድምፅ ነው። ሕመም ከሌለው፣ አፍም በደንብ ከተከፈተ ሕክምና አያስፈልገውም። ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፤ ድምፁን ለማጥፋት ተብሎ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ደጋግመው እያስጮሁ መፈተሽዎን ብቻ ይተዉ።

በቀኝ ብቻ ማኘክዎን በተመለከተ አንድ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። በአንድ ወገን ጠንካራ ነገር ሲነከስ በዚያ ወገን ያለው ጡንቻ ይበልጥ ይሠራል፤ መገጣጠሚያው ላይ ያለው ጫና ግን የሚበረታው በተቃራኒው ወገን ነው። ስለዚህ ሕመምዎ ግራ ማሴተር ላይ ከሆነ በቀኝ ማኘክ ያሳርፈዋል፤ ግራ መገጣጠሚያው ራሱ ከሆነ ግን በቀኝ በኩል ጠንካራ ነገር መንከስ ይጎዳዋል። ለመለየት ንጹሕ ጥጥ ጠቅልለው በግራ መንጋጋ ጥርስዎ በቀስታ ይንከሱ፣ ከዚያ በቀኝ። በቀኝ ሲነክሱ ግራ ጆሮዎ ሥር ካመመዎት መገጣጠሚያው ተሳትፏል ማለት ነው፤ ይህንን ለሚመረምርዎት ሐኪም ይንገሩት። ከሁሉ የሚሻለው ለስለስ ያለ ምግብ በሁለቱም ወገን እያፈራረቁ ማኘክ ነው።

ከሕክምና አማራጮች አንፃር፣ ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆየ የመንጋጋ ሕመም ያወጣው መመሪያ ሚዛኑን በደንብ ያሳያል። አጥብቆ የሚመክረው በባለሙያ የታገዘ የመንጋጋ እንቅስቃሴና ማሳሳብ፣ የአቀማመጥ ልምምድ፣ ጡንቻን በእጅ መፍታት፣ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና እንዲሁም በቂ ማብራሪያና የቤት ልምምድ ነው። የአቀማመጥ ልምምድ እዚህ ውስጥ መኖሩን ልብ ይበሉ፤ አጥንት ስለሚያስተካክል ሳይሆን የተወጠረውን አንገት ስለሚያሳርፍ ነው። ንክሻን እስከ መጨረሻው የሚቀይሩ መሣሪያዎችንና ዲስክ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምናን አጥብቆ ይቃወማል። ቦቶክስን (ጡንቻ የሚያላላ መርፌ) እና ናይት ጋርድን (ሌሊት ጥርስ ላይ የሚለበስ መከላከያ) ለሕመሙ ብሎ አያስቀድምም። ናይት ጋርድ ለሌላ ዓላማ ግን ይጠቅማል፦ ጥርስዎ ሌሊት እየተፋጨ የሚያልቅ ከሆነ ኢናሜሉን ይጠብቃል። ካሠሩ ጥርሶችን ሁሉ የሚሸፍን ጠንካራ ዓይነት ይሁን፤ ጥቂት ጥርሶችን ብቻ የሚሸፍን ለብዙ ወራት ከተለበሰ ጥርስ ያንቀሳቅሳል። ለመልክ ወይም ለጥርስ ንጽሕና ብለው ሽቦ ማሰር ከፈለጉ መብትዎ ነው፤ ሕመሙ ከረገበ በኋላ፣ ለሕመሙ መድኃኒት እንዳልሆነ አውቀው ያድርጉት።

እንግዲህ ለሚቀጥሉት ስምንት ሳምንታት እንዲህ ያድርጉ። የኮምፒውተርዎ ስክሪን ጠርዝ ላይ ትንሽ ባለቀለም ወረቀት ይለጥፉ፤ ባዩት ቁጥር «ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ለቀቅ» ይበሉ፤ የምላስዎ ጫፍ ከላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ላንቃውን በቀስታ ይንካ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ቢተዉ ይህንን አይተዉ። የስክሪኑን የላይኛ ጠርዝ ወደ ዓይንዎ ቁመት ያምጡት፤ ላፕቶፕ ከሆነ ከሥሩ ወፍራም መጻሕፍት ይደርድሩና የቁልፍ ሰሌዳ ለብቻው ይጠቀሙ። ስልክ በትከሻና በጆሮ መሃል ቀርቅረው አያውሩ። እንደ ወታደር ተገትሮ መቀመጥ አያስፈልግም፤ ማንኛውም አቀማመጥ ሲረዝም ይጎዳል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስተው አገጭዎን ወደ ውስጥ ሳብ፣ ትከሻዎን ወደ ኋላና ወደ ታች እያደረጉ አምስት ስድስት ጊዜ ይለማመዱ።

ምግብዎ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለስለስ ያለ ይሁን፤ በሽሮ፣ በምስርና በአትክልት የራሰ እንጀራ ለዚህ የተመቸ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ሸንኮራና ማስቲካ ይቅሩ። ሥጋ ከበሉ ተከትፎ ይብሰል፤ ጉርሻው ትንሽ ይሁን። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ተለመደው ምግብ ይመለሱ፣ ምክንያቱም ሥራ የፈታ ጡንቻ ይዳከማል። ጠዋትና ማታ በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ጉንጭዎ ላይ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያኑሩ፤ ቀጥሎ ምላስዎን ከላንቃው ሳያላቅቁ አፍዎን በቀስታ ስድስት ጊዜ ይክፈቱና ይዝጉ። ሲያዛጉ አገጭዎን በእጅ ደገፍ ያድርጉ። ኢቡፕሮፌን ለጥቂት ቀናት ሊያግዝ ይችላል፤ ጨጓራ፣ የኩላሊት ችግር ወይም እርግዝና ካለ ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ። በአራት ሳምንት ምንም ለውጥ ካላዩ ስምንቱን አይጠብቁ፤ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሄደው አንገትዎንና መንጋጋዎን አብሮ እንዲያይልዎት ይጠይቁ።

ይህ ሁሉ የማይሠራባቸው ሁኔታዎች አሉ። አፍዎ በድንገት ከሁለት ጣት በላይ አልከፈት ካለ፣ ፊትዎ ካበጠ ወይም ከደነዘዘ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ንክሻዎ በአንድ ሌሊት ከተቀየረ ልምምዱን አቁመው በዚያው ቀን ይታዩ፤ በደንብ ሳይወጣ የቀረ የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ኢንፌክሽንም እንዲህ ያደርጋል። ቁስል ከገጠመዎት በኋላ መንጋጋ እየተቆለፈ፣ አንገት እየደረቀ ከመጣ ቴታነስ፣ መንጋጋ ቆልፍ የምንለው፣ ሊሆን ይችላልና በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ይህንን የሚያነቡ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ደግሞ፣ ሲያኝኩ መንጋጋቸው ቶሎ የሚዝል፣ ከዓይን ጎን አዲስ ራስ ምታት የጀመራቸው ወይም እይታቸው የደበዘዘ ከሆነ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችል አንድም ቀን አይዘግዩ፤ ካልታከመ ዓይን ያጠፋል። አቀበት ሲወጡ ወይም ሲቸኩሉ የሚመጣ፣ ሲያርፉ የሚተው የመንጋጋ ሕመምም የልብ ሊሆን ስለሚችል የጥርስ ሐኪም ጉዳይ አይደለም።

ወደ ክሊኒኩ ከተመለሱ መሞረጃው ከመነሳቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የሚያመኝ ጡንቻው ነው ወይስ መገጣጠሚያው፣ በእጅዎ ዳስሰው ያሳዩኝ፤ ይህ ሕክምና ካልረዳኝስ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል? ለሁለተኛው መልሱ «አይቻልም» ከሆነ ሌላ ሐኪም ሳያማክሩ ወንበሩ ላይ አይቀመጡ።